ሐኪሙ ተናግሮ ያሰረው ካልሰማስ? ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት እስከ ጥቁር አንበሳ

በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትልኩልን ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው «ሐኪም በቸልተኝነት ሰው ቢጎዳ የት ነው የሚከሰሰው?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «የታሰረ ሰው ታሞ፣ ሐኪም ይታከም ብሎ፣ ያሰረው አካል እምቢ ቢል ማን ነው የሚጠየቀው?» የሚል ነው።

ሲታዩ የተለያዩ ይመስላሉ። አንዱ የሆስፒታል፣ ሌላው የእስር ቤት ጉዳይ ነው። ሥራቸው ግን አንድ ነው። ሁለቱም ውስጥ ራሱን መከላከል የማይችል ሰው አለ፣ ሕይወቱም በሌላ ሰው እጅ ላይ ወድቋል። ሁለቱም ውስጥ ያንን ሰው አደራ የተቀበለ ባለሙያ ወይም ባለሥልጣን አለ። አደራው ሲበላ ሕጉ ምን ይላል? የአገራችን ታሪክስ ምን ያሳየናል?

ዛሬ ይህንን በዝርዝር እናያለን። ረዘም ያለ ነው፣ ግን መጨረሻው ላይ ለማንም ቤተሰብ የሚጠቅም ተግባራዊ ነገር ስላለ አንብባችሁ ጨርሱት።

ከሰፈሩ ስም እንጀምር

ካዛንቺስ የሚለው ስም ከጣሊያን ወረራ ዘመን የቀረ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። «ካዛ» ቤት ማለት ነው። «ኢንቺስ» ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ የነበረው የጣሊያን ተቋም ምህጻረ ቃል ነው። በአጭሩ ካዛንቺስ ማለት «የመንግሥት ሠራተኛ ቤቶች» ማለት ነው። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ አብዛኛው የድሮ ሰፈር ፈርሷል፤ ስሙ ግን አልፈረሰም።

የሰፈሩ ዙሪያም ከመንግሥት ጋር የተቆራኘ ነው። በአንድ በኩል የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ ዝቅ ሲሉ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት (የዛሬው ብሔራዊ ቤተ መንግሥት)፣ ወደ መስቀል አደባባይ አልፎ ደግሞ ደርግ የተመሠረተበት 4ኛ ክፍለ ጦር። በመስቀል አደባባይ ዳር የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ቆሟል። ዛሬ የምንነግራችሁ ታሪክ የሚጀምረው ከዚሁ ነው፣ ከቂርቆስ ክፍለ ከተማ ሳንወጣ።

ነሐሴ 1967፦ የሞቱ ምክንያት ምን ነበር?

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ውስጥ ከሥልጣን መውረዳቸው ተነበበላቸው። በቮልስዋገን ተጭነው ወደ 4ኛ ክፍለ ጦር ተወሰዱ። በኋላ ወደ ታላቁ ቤተ መንግሥት ተዛውረው እዚያው በጥበቃ ሥር ቆዩ።

ዓመት ሊሞላ ቀናት ሲቀሩት፣ ነሐሴ 22 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ መንግሥት ንጉሡ በዋዜማው መሞታቸውን አስታወቀ። ዕድሜያቸው 83 ነበር። የሞታቸው ምክንያት ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ጋር የተያያዘ ችግር እንደሆነ ተነገረ። ገለልተኛ የአስከሬን ምርመራ አልተደረገም። የሕዝብ ቀብርም አልነበረም።

እዚህ ላይ ሐኪሙ ይመጣሉ። ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ በስኮትላንድ ኤድንብራ የተማሩ፣ ከኢትዮጵያ ቀደምት ዘመናዊ ቀዶ ሐኪሞች አንዱ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ዲን የነበሩ ሰው ናቸው። ከንጉሡ ሐኪሞችም አንዱ ነበሩ። የተባለው የቀዶ ሕክምና ችግር አልነበረም ብለው የደርግን መግለጫ ሳይቀበሉት ቀሩ።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መንግሥት «በበሽታ ሞተ» ሲል በሕክምና ስም ነው የሚናገረው። የሐኪምን ቃል ተውሶ ነው የሚጠቀመው። ሐኪሙ «የለም፣ እንደዚያ አልነበረም» ካለ የመግለጫው መሠረት ይናዳል።

ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም.፣ የንጉሡ አጽም ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ከኮንክሪት ሥር ተቆፍሮ ወጣ። ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. የደርግ ባለሥልጣናት የፍርድ ሂደት ሲከፈት ልዩ ዐቃቤ ሕግ ካቀረባቸው ክሶች አንዱ ንጉሡ ታንቀው መገደላቸው ነበር። ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌሉበት፣ ከሌሎች የደርግ ባለሥልጣናት ጋር በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ አላቸው። በጥር ወር የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደባቸው። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው። የንጉሡ አጽም ከዚያ ቀደም ብሎ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል።

ከሞቱ እስከ ጥፋተኝነት ውሳኔው ከ31 ዓመት በላይ ሄደ። አንድ ገለልተኛ የአስከሬን ምርመራ በጊዜው ቢደረግ ኖሮ ይህ ሁሉ ዓመት በጥርጣሬ አያልፍም ነበር።

ሐኪሙ ራሳቸው እስረኛ ሲሆኑ

የታሪኩ ከባድ ክፍል ይሄ ነው። የእስረኛውን ሞት መግለጫ አልቀበልም ያሉት ሐኪም፣ ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ራሳቸው እስረኛ ታማሚ ሆኑ።

በሰኔ 1983 ዓ.ም. በተደረገው የሽግግር ጉባኤ ፕሮፌሰር አሥራት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ወክለው ተገኙ። የኤርትራን መገንጠል በመቃወም ድምፃቸውን አሰሙ። በጥር 1984 የመላው ዐማራ ሕዝብ ድርጅትን (መዐሕድ) መሠረቱ። በ1985 ዩኒቨርሲቲው 42 መምህራንን ሲያባርር አንዱ እሳቸው ነበሩ። በሰኔ 1986 የትጥቅ አመፅ አሲረዋል ተብለው ሁለት ዓመት ተፈረደባቸው። በ1987 ደብረ ብርሃን ላይ ካደረጉት ንግግር ጋር በተያያዘ ሦስት ዓመት ተጨመረባቸው። ልብ በሉ፣ ይህ የንጉሡን ግድያ የሚመለከተው የፍርድ ሂደት የተከፈተበት ዓመት ነው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል የኅሊና እስረኛ ብሏቸው ነበር።

በፖለቲካቸው መስማማትም አለመስማማትም ይቻላል። የዛሬው ጥያቄያችን እሱ አይደለም። የእኛ ጥያቄ ሰውየው ሲታመሙ ምን ሆነ የሚለው ነው።

የልብ ሕመማቸው እየጠና ሄዶ በ1990 ዓ.ም. ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ገቡ። አልጋቸው ላይ ጠባቂ ነበር። ጥቁር አንበሳ ማለት ያባረራቸው ዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። ሕመማቸው አገር ውስጥ የሌለ ሕክምና የሚፈልግ ነበር። ይሁን እንጂ ወራት አለፉ። ከውጭም ከውስጥም ጫናው በዝቶ በታኅሣሥ 1991 ተፈቱና ለሕክምና ወጡ። ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ፊላዴልፊያ ውስጥ ሞቱ። ከተፈቱ አምስት ወር አልሞላቸውም።

ታዲያ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። የታማሚ ሐኪም «ይህ ሰው ይህን ሕክምና ማግኘት አለበት» ሲል ይህ ምክር ነው ወይስ ውሳኔ? ምክር ከሆነ ባለሥልጣኑ ሊቀበልም ላይቀበልም ይችላል። ውሳኔ ከሆነ ግን አለመቀበል ጥፋት ይሆናል።

ከደቡብ አፍሪካ የምንማረው

ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 የደቡብ አፍሪካ ፖሊስ የጥቁሮች መብት ታጋዩን ስቲቭ ቢኮን ፖርት ኤልዛቤት ውስጥ አስሮ ደበደበው። ጭንቅላቱ ላይ ጉዳት ደረሰበት። ሁለት የመንግሥት ሐኪሞች፣ ዶክተር አይቮር ላንግ እና ዶክተር ቤንጃሚን ተከር፣ አይተውት ነበር። እንዲህ ሆኖ ሳለ በመኪና ወለል ላይ ራቁቱን ተጭኖ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ፕሪቶሪያ ተወሰደ። መስከረም 12 ቀን 1977 ሞተ።

የአገሪቱ የሕክምና ምክር ቤት መጀመሪያ ሐኪሞቹን ሳይጠይቅ ጉዳዩን ዘጋው። ሌሎች ሐኪሞች ግን ዝም አላሉም፣ ምክር ቤቱን ፍርድ ቤት ገተሩት። በ1985 ፍርድ ቤቱ እንደገና ይታይ ብሎ አዘዘ። ሁለቱም ጥፋተኛ ተባሉ፣ ተከር ከሐኪሞች መዝገብ ተሰረዘ። በኋላ ይቅርታ ሲጠይቅ ከመንግሥት አካላት ጋር ከመጠን በላይ ተጠግቶ የሙያ ነፃነቱን ማጣቱን አምኗል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ሐኪሙ «ታዝዤ ነው» ብሎ አያመልጥም። ደመወዙን የሚከፍለው መንግሥት ቢሆንም ታማሚው ግን ከፊቱ የተኛው ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ጉዳዩን ያስከፈቱት የሙያ ባልደረቦቹ ናቸው። ሙያ ራሱን ካልጠየቀ ሌላው ሊጠይቀው ይከብደዋል።

የዓለም ሐኪሞች ማኅበር ሐኪም በማሰቃየት ተግባር እንዳይሳተፍ የሚከለክለውን የቶኪዮ መግለጫ ያወጣው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1975 ነው። ንጉሡ ከሞቱ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ማለት ነው።

ዳኛስ? የ1993ቱ ጉዳይ

ከነጭ ጋዋን ወደ ጥቁር ካባ እንሻገር፣ ምክንያቱም ተመሳሳይ ነገር እዚያም ተከስቷል።

በ1993 ዓ.ም. ሕወሓት ለሁለት ሲሰነጠቅ የቀድሞው መከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን የተቋቋመው በዚያው ዓመት ነው። ጉዳዩ የቀረበው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ዘንድ ነበር። ዳኛዋ በዋስ ይለቀቁ ብለው አዘዙ። ስዬ ከፍርድ ቤት እንደወጡ መልሰው ያዟቸው። በዚያው ሰሞን ፓርላማው በሙስና ለተጠረጠረ ሰው ዋስትና የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 239/1993 አወጣ። ሕዝቡ «የስዬ ሕግ» ብሎ ጠራው። ስዬ እስከ 1999 ዓ.ም. እስር ቤት ቆዩ።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 6 ምን ይላል? የታሰረ ሰው በዋስ የመፈታት መብት አለው፤ በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች ፍርድ ቤት ዋስትና ላይቀበል ይችላል። መመዘን ያለበት ማን ነው? ፍርድ ቤት። አዲሱ አዋጅ ግን ሚዛኑን ከዳኛው እጅ ወሰደው።

ስዬ ሙሰኛ ነበሩ አልነበሩም የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። የተከሰሰ ባለሥልጣን ሁሉ ንጹሕ ነው አንልም። ለምሳሌ የሽግግር መንግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ታምራት ላይኔ በ1989 ከሥልጣን ተነሥተው፣ በ1992 በሙስና 18 ዓመት ተፈርዶባቸው፣ 12 ዓመት ገደማ ታስረው በ2001 ተፈትተዋል። ባለሥልጣን መጠየቁ ትክክል ነው። ችግሩ የሚመጣው ጠያቂው አካል ዳኛው ሲናገር የማይሰማ ሲሆን ነው።

የፕሮፌሰር አሥራትንና የ1993ቱን ጉዳይ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በአንደኛው የሚሞግተው የሕክምና ዕውቀት ነው። በሌላኛው የሕግ ዕውቀት ነው። ሁለቱም ቦታ ቁልፉን የያዘው ሰው ከባለሙያው በላይ ሆነ።

የታሰረ ሰው ታሞ ከሆነ፦ ሕጉ ምን ይላል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ሁለት ነገር ይሰጣል። አንደኛ፣ በጥበቃ ሥር ያለና የተፈረደበት ሰው ሰብዓዊ ክብሩን በሚጠብቅ ሁኔታ የመያዝ መብት አለው። ሁለተኛ፣ ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዶቹ፣ ከጓደኞቹ፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘት፣ በእነሱም የመጎብኘት ዕድል ሊያገኝ ይገባል። ልብ በሉ፣ ሐኪም ከጠበቃ እኩል ነው የተጻፈው።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቀው፣ «የማንዴላ ሕጎች» የሚባለው የእስረኞች አያያዝ ዝቅተኛ መስፈርት ደግሞ ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦታል። ደንብ 24 እስረኛ የሚያገኘው ሕክምና ውጭ ያለው ሰው ከሚያገኘው እኩል መሆን አለበት ይላል። ደንብ 27 ደግሞ የሕክምና ውሳኔ የሚሰጠው ኃላፊነቱን የያዘው የጤና ባለሙያ ብቻ ነው፣ የሕክምና ባለሙያ ያልሆነ የእስር ቤት ሠራተኛ ሊሽረውም ችላ ሊለውም አይችልም ይላል።

ከላይ «ምክር ነው ወይስ ውሳኔ?» ብለን ያነሣነው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። ውሳኔ ነው።

ተራው ታካሚስ?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ካዛንቺስ የሚኖር አንድ ሰው እናቱን ጤና ተቋም ወስዶ፣ በቸልተኝነት ጉዳት ደረሰባቸው እንበል። በሩ ሦስት ነው። ሦስቱም ለየብቻ ይሠራሉ፣ አንዱን ማንኳኳት ሌላውን አይዘጋም።

1ኛ በር፦ የሙያ ሥነ ምግባር። በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006 መሠረት የጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ጉዳይ የሚያይ ኮሚቴ አለ። ይህ አካል እስር አይፈርድም። የሚያየው ባለሙያው የሙያውን ደንብ ተከትሏል ወይ የሚለውን ሲሆን ፈቃድ እስከ ማገድና መሰረዝ የሚያደርስ ውሳኔ ሊያስከትል ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2017 የፌዴራሉ ኮሚቴ የሰጣቸው 125 ውሳኔዎች በጥናት ታይተዋል። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ከ100 ሚሊዮን የማያንስ ሕዝብ ባለበት አገር፣ 125 ብቻ። ይህ ቁጥር ጥፋቱ ትንሽ መሆኑን አያሳይም። የሚያሳየው በሩ መኖሩን የሚያውቅ ሰው ትንሽ መሆኑን ነው።

2ኛ በር፦ ወንጀል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይመለከታል። ንዑስ አንቀጽ 2 ሐኪምንና አሽከርካሪን በምሳሌነት ጠቅሶ፣ የሰውን ሕይወትና ጤና የመጠበቅ ሙያዊ ግዴታ ያለበት ሰው ከሆነ ቅጣቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራትና የገንዘብ መቀጮ ነው ይላል። አንቀጽ 559 የአካል ጉዳትን ያያል። አንቀጽ 575 ደግሞ ሕይወቱ አደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት እየተቻለ አለመርዳትን ይቀጣል፣ የመርዳት ሙያዊ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ይከብዳል።

እዚህ ላይ ለሐኪሞችም ፍትሐዊ እንሁን። አንቀጽ 69 በሙያው ተቀባይነት ባለው አሠራር መሠረት የተፈጸመና ከባድ የሙያ ጥፋት የሌለበት ድርጊት አያስቀጣም ይላል። ማለትም ታካሚ ስለሞተ ብቻ ሐኪም ወንጀለኛ አይሆንም። ሕክምና ውጤቱ የተረጋገጠ ሥራ አይደለም። ሕጉ የሚጠይቀው «ዳነ ወይ?» ብሎ አይደለም፣ «አንድ ጠንቃቃ ባለሙያ ማድረግ ያለበትን አድርጓል ወይ?» ብሎ ነው። ስለዚህ ሐዘን ላይ ሆኖ ሐኪም ላይ እጅ ማንሣት ጥፋት መሆኑ ብቻ ሳይሆን የራስን ጉዳይም ያበላሻል።

3ኛ በር፦ ካሳ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲያከብር ያስገድዳል፣ ባያከብርና ጉዳት ቢያደርስ ይከፍላል። ጥፋቱ በመንግሥት ሆስፒታል፣ በመንግሥት ሠራተኛ ከሆነስ? አንቀጽ 2126 ይመልሳል። ሠራተኛው በጥፋቱ ያደረሰውን ጉዳት ይክሳል፤ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ደግሞ ተጎጂው መንግሥትን ራሱን ካሳ መጠየቅ ይችላል። ይህ አንቀጽ ነርስም፣ ፖሊስም፣ የማረሚያ ቤት ኃላፊም አይለይም። የሆስፒታሉና የእስር ቤቱ ጥያቄ ሥሩ አንድ ነው ያልናችሁ ለዚህ ነው።

አንድ ሺህ ብር

ግን ሕጉ ውስጥ ብዙ ሰው ሲሰማ የማያምነው ነገር አለ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2116 የኅሊና ጉዳት ካሳ በምንም ሁኔታ ከ1,000 ብር ሊበልጥ እንደማይችል ይደነግጋል። ልጅ ለሞተባት እናት ስለ ሐዘኗ የሚቆረጠው ጣራ 1,000 ብር ነው። ሕጉ ሲወጣ አንድ ዶላር በ2 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ ይመነዘር ነበር፣ ስለዚህ 1,000 ብር ወደ 400 ዶላር ነበር፣ የዋዛ ገንዘብ አልነበረም። ዛሬ በ1,000 ብር ካዛንቺስ ውስጥ ለቤተሰብ ምሳ መጋበዝም ያጠራጥራል።

መምታታት እንዳይኖር፣ የቁሳዊ ጉዳት ካሳ (የሕክምና ወጪ፣ የተቋረጠ ገቢ፣ የሟች ጥገኞች መተዳደሪያ) ይህ ጣራ የለበትም። እሱ በማስረጃ ይሰላል። ጣራው ያለው ለሐዘኑ ብቻ ነው። ገቢ ያልነበረው ሕፃን ወይም ጡረታ የሌላቸው አዛውንት ሲሞቱ ግን የሚሰላ ቁሳዊ ጉዳት ትንሽ ስለሚሆን ጣራው ጎልቶ ይሰማል። ድሃው ነው የሚጎዳው።

ሕጉ ከስድሳ ዓመት በላይ አልፎታል። የወንጀል ሕጉ ተሻሽሏል፣ የቤተሰብ ሕጉ ተሻሽሏል፣ የንግድ ሕጉ ተሻሽሏል። ይህች አንዲት ቁጥር ግን ባለችበት አለች። ይህንን መለወጥ ብዙ ገንዘብም ጥናትም አይፈልግም፤ ፓርላማው አንድ ንዑስ አንቀጽ ቢነካ ይበቃል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። በአንቀጽ 2143 መሠረት የጉዳት ካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። «ሐዘኑ ይውጣልን፣ ከዚያ እናያለን» እያሉ ቀኑ ያለፈባቸው ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም።

እና ምን እናድርግ?

ለታማሚ ቤተሰብ፦

ካርዱን፣ የምርመራ ውጤቱን፣ የሐኪም ትእዛዙን፣ የሪፈር ወረቀቱን ኮፒ ያዙ። ቃል ይረሳል፣ ወረቀት ግን ፍርድ ቤት ድረስ አብሯችሁ ይሄዳል። ቀንና ሰዓት፣ ማን ምን እንዳለ በደብተር ጻፉ። ሞቱ አጠራጣሪ ከሆነ ከቀብር በፊት ለፖሊስ አመልክታችሁ የአስከሬን ምርመራ ይደረግልን በሉ። ይህ በእኛ ባህል ከባድ ነው፣ እናውቃለን። ቤተሰብ «አይነካ» ይላል፣ ሽማግሌም ይጨመራል። ግን በኋላ እውነቱን መፈለግ ምን ያህል እንደሚከብድ ከላይ አይታችኋል። ለንጉሥ እንኳ 31 ዓመት ፈጅቷል።

ለእስረኛ ቤተሰብ፦

ሕመሙን በጽሑፍ ለጣቢያው ወይም ለማረሚያ ቤቱ ኃላፊ አሳውቁ፣ ቅጂውን ያዙ። ሐኪም የጻፈው ሪፈር ካለ እሱን አያይዙ። መልስ ከሌለ ጉዳዩን ለያዘው ችሎት በቀጠሮው ቀን አንሡ፣ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ጠይቁ። ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም አመልክቱ። በተሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1224/2012 ኮሚሽኑ እስረኛ ያለበትን ቦታ ሳያስታውቅ ሄዶ የመጎብኘት ሥልጣን አለው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የአስተዳደር በደል ሲሆን ደግሞ የእንባ ጠባቂ ተቋም አለ።

ለጤና ባለሙያዎች፦

ያያችሁትን ጻፉ። እስረኛ አምጥተውላችሁ «ቶሎ አድርጉና ይመለስ» ሲባል ካርዱ ላይ ያያችሁትን ቁስል፣ ያዘዛችሁትን ምርመራ፣ ሪፈር ካላችሁ ሪፈራችሁን አስፍሩ። ትእዛዛችሁ ባይፈጸም እንኳ መጻፉ ነገ ለታማሚውም ለእናንተም ምስክር ነው። የቢኮ ሐኪሞች ካስጠየቃቸው ነገር አንዱ ያዩትን በትክክል አለማስፈራቸው ነው።

ለማጠቃለል ያህል

ሕጎቻችን ባዶ አይደሉም። አንቀጽ 21 አለ፣ 543 አለ፣ 2126 አለ። የጎደለን ነገር ሁለት ነው። አንደኛው ሕጉ ራሱ ያረጀበት ቦታ ነው፣ ለምሳሌ 1,000 ብሯ። ሁለተኛው ልማድ ነው፦ ሐኪም ሲጽፍ፣ ዳኛ ሲያዝ፣ ቁልፍ የያዘው ሰው መቀበል እንዳለበት የማመን ልማድ።

በ1967ቱ፣ በ1991ዱ እና በ1993ቱ ጉዳዮች ሥልጣን ላይ የነበሩት ሰዎች ሁሉ አንድ ነገር ረስተው ነበር። ቁልፍ እጅ ይለዋውጣል። ንጉሡን ያሰሩት ተከሳሽ ሆነው ችሎት ቆሙ። መከላከያ ሚኒስትር የነበረ ሰው ዋስትና ለማኝ ሆነ። ዋስትናውን የፈቀደችው ዳኛም በኋላ ራሷ ሁለት ጊዜ ታስራለች። ለእስረኛው ዛሬ የምናስከብርለት የሐኪም ወረቀት ነገ ለማን እንደሚያስፈልግ አይታወቅም።

ይህንን ጽሑፍ እስረኛ ለሚጠይቅ ወይም ሆስፒታል ለሚያስታምም ሰው አጋሩት። በተለይ የሁለት ዓመቱን ይርጋ ንገሩልን። በዚህ ዙሪያ ያጋጠማችሁ ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ የታካሚ ስምና ፎቶ ግን አትላኩ፤ የታካሚ ምስጢር በቤተሰብም እጅ ቢሆን ምስጢር ነው።